ዝርዝሩ በማን እጅ ነው? የመንግሥት ድጋፍና የመራጩ ድምፅ

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1972 ከ24 ሚሊዮን በላይ አሜሪካውያን የማኅበራዊ ዋስትና ቼካቸው እንደ ወትሮው በፖስታ ደረሳቸው። አብዛኞቹ ጡረተኞች ናቸው። የዚያን ወር ፖስታ ግን ከቼኩ ሌላ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ክፍያው 20 በመቶ መጨመሩን ትናገራለች። ጭማሪውን ያጸደቀው ኮንግረስ፣ የፈረሙት ደግሞ ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን መሆናቸውንም ታስታውሳለች።

ምርጫው በቀጣዩ ወር ነበር። ጭማሪውን ለመሸፈን የታሰበው ታክስ ከሠራተኛው ደሞዝ መቆረጥ የጀመረው ግን በጃንዋሪ ነው። ያኔ ድምፁ ተቆጥሮ አልቋል። የሚገርመው ኒክሰን ራሳቸው 20 በመቶውን አልወደዱትም ነበር። በዝቷል ብለው ሲሟገቱ ቆይተው ነው የፈረሙት። አንዴ ከፈረሙ በኋላ ግን ስማቸው ከብጣሿ አልቀረም። ከ50ዎቹ ግዛቶች 49ኙን አሸነፉ። በእኔ ግምት ያለ ብጣሿም ያሸንፉ ነበር።

መንግሥት ገንዘብ ሲሰጥ ድምፅ እየገዛ ነው? ተቀባዩስ ድምፁን እየሸጠ? ብዙ ሰው ለዚህ ጥያቄ መልሱ አፉ ላይ ነው። «ድሃ የሚመርጠው ለሆዱ ነው» ይላል፣ ወሬው በዚያው ይዘጋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የተለያዩ አገሮችን የምርጫ ውጤትና ጥናት ጎን ለጎን አስቀምጦ ላየ ሰው፣ ገንዘቡ ብቻውን የሚሠራው ሥራ ከሚወራለት በጣም ያንሳል። ከገንዘቡ ይልቅ የሚያሳስበኝ የስም ዝርዝሩ ነው። ማን ይዞታል? ማን ያስገባል፣ ማንስ ይሰርዛል?

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከፍለው የተሸነፉ

ገንዘብ ድምፅን በቀጥታ ቢገዛ ኖሮ የብራዚሉ ፕሬዚዳንት ዣይር ቦልሶናሮ በ2022 ባልተሸነፉ ነበር። የብራዚል የምርጫ ሕግ በምርጫ ዓመት አዲስ ድጎማ መጀመርን ይከለክላል። አስቸኳይ ሁኔታ ከታወጀ ግን ይፈቀዳል። በዚያ ዓመት ጁላይ ላይ ፓርላማው የነዳጅን ዋጋ ምክንያት አድርጎ ሕገ መንግሥቱን አሻሻለ። አስቸኳይ ሁኔታ ታወጀ፣ በሩ ተከፈተ። ለድሃ ቤተሰቦች የሚሰጠው ወርሃዊ ድጋፍ ከ400 ወደ 600 ሪያል አደገ። የጭነት መኪናና የታክሲ ሾፌሮችም ድርሻቸው ደረሳቸው። ጭማሪው የጀመረው በኦገስት ነው፤ የሚያበቃው በዲሴምበር። የምርጫው የመጀመሪያ ዙር ኦክቶበር 2 ነበር።

ይህም አልበቃ አለ። በመጀመሪያውና በሁለተኛው ዙር መሀል የመንግሥቱ ባንክ ካይሻ ለድጋፉ ተጠቃሚዎች ብድር ማደል ጀመረ። ዕዳው ከወርሃዊው ድጋፍ እስከ 40 በመቶ እየተቆረጠ የሚመለስ ነው። ከዚህ በላይ ለምርጫ የተሰላ ሰዓት ማግኘት ይቸግራል።

ውጤቱ ምን ሆነ? ተቀናቃኙ ሉላ ዳ ሲልቫ 50.9 በመቶ፣ ቦልሶናሮ 49.1። የድጋፉ ተጠቃሚ የበዛበት ሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሦስት ሁለት እጅ በላይ ድምፁን ለሉላ ሰጠ። የቦልሶናሮን 600 ሪያል እየተቀበለ ማለት ነው። «የበላበትን ወጪት ሰባሪ» የሚል አይጠፋም። መራጩ ግን ሒሳቡን ሠርቷል። ሉላም 600 ሪያሉን እቀጥላለሁ ብለው ነበር። በ2003 ቦልሳ ፋሚሊያ የሚባለውን ድጋፍ ያቋቋሙትም እሳቸው ናቸው። ገንዘቡ በሁለቱም በኩል ካለ፣ ገንዘቡ ምርጫውን አይወስንም። ሰው ያኔ ወደ ሌላው ጉዳይ ይዞራል።

አርጀንቲናም አለች። ሰርጂዮ ማሳ በ2023 የኢኮኖሚ ሚኒስትርም የፕሬዚዳንትነት ዕጩም ነበሩ። ምርጫው ሲቃረብ ከአብዛኛው ደሞዝተኛ ላይ የገቢ ግብር አነሱ። መሠረታዊ ሸቀጥ ለሚገዛ ሰው ተጨማሪ እሴት ታክሱ እንዲመለስለት አደረጉ። መጀመሪያው ዙር ላይ መሩ። በሁለተኛው ዙር በሃቪየር ሚሌይ 55.7 ለ44.3 ተረቱ። ያን ጊዜ የዓመቱ የዋጋ ግሽበት ከ140 በመቶ አልፏል። የተመለሰልህን ታክስ የሚቀጥለው ሳምንት ዋጋ ከበላው፣ ምን ሰጡኝ ትላለህ?

ለእኔ ከሁሉም የሚደንቀው ግን የህንዷ የአንድራ ፕራዴሽ ግዛት ነው። ጃጋን ሞሃን ሬዲ በ2019 ከ175 የግዛቱ ምክር ቤት መቀመጫ 151 ወስደው ሥልጣን ያዙ። አምስት ዓመት ሙሉ ለእናቶች፣ ለገበሬዎችና ለተማሪዎች ገንዘብ በባንክ ሒሳባቸው ሲያስገቡ ከረሙ። የዘመቻቸው ዋና መፈክርም ይኸው ነበር። በ2024 የቀራቸው 11 መቀመጫ ነው። ተቀናቃኛቸው ቻንድራባቡ ናይዱ ድጋፉን እሰርዛለሁ አላሉም። እጨምርበታለሁ ነው ያሉት።

ነገሩ የዛሬ ዘመን ብቻም አይደለም። የጀርመኑ መራሔ መንግሥት ኦቶ ፎን ቢስማርክ በ1883 የጤና መድን፣ በ1884 የአደጋ መድን፣ በ1889 የጡረታ ሕግ አወጡ። ዓላማቸው ግልጽ ነበር፤ ሠራተኛውን ከፓርቲው ከሶሻል ዴሞክራቶቹ መነጠል። ፓርቲውን በሕግ አግደው ስለነበር (ዕጩዎቹ ግን መወዳደር ይችሉ ነበር) በትር በአንድ እጅ፣ ጉርሻ በሌላው ይዘው ነው የመጡት። ሶሻል ዴሞክራቶቹ በ1881 ያገኙት ድምፅ 6 በመቶ ገደማ ነበር። የጡረታ ሕጉ በወጣ ማግስት፣ በ1890፣ ወደ 20 በመቶ ተጠጉ። ሠራተኛው መድኑንም ተቀበለ፣ ፓርቲውንም መረጠ።

ያም ሆኖ ያሸንፋል

እንግዲህ ድጋፍ በምርጫ ላይ ምንም ለውጥ አያመጣም ማለቴ ነው? አይደለም። ያመጣል፤ ግን ልክ አለው፣ ዕድሜም አለው።

ኡሩጓይን እንውሰድ። ከ2005 እስከ 2007 መንግሥት ለድሃ ቤተሰቦች በየወሩ ገንዘብ ይሰጥ ነበር። ተቀባዩ የሚለየው በነጥብ ነው። የቤቱ ሁኔታ፣ የቤተሰቡ ብዛትና የመሳሰለው ይመዘገባል፣ ቀመሩ ነጥብ ያወጣል፣ ከመቁረጫው በታች የሆነ ይገባል፣ በላይ የሆነ ይቀራል። ይህ ለተመራማሪ ሲሳይ ነው። ከመቁረጫው ጥቂት ዝቅ ያለውና ጥቂት ከፍ ያለው ቤተሰብ በኑሮ አይለያዩም። የሚለያቸው ገንዘቡ ብቻ ነው። ሁለቱን አነጻጽረው ሲያዩ፣ የተቀበሉት በሥልጣን ላይ ያለውን መንግሥት የመደገፍ ዕድላቸው ከ11 እስከ 13 የመቶኛ ነጥብ በልጦ ተገኘ። ድጋፉ ካቆመ በኋላም ልዩነቱ አልጠፋም። ትንሽ ቁጥር አይደለም።

ጀርመን ደግሞ ዕድሜውን ታሳያለች። በኦገስት 2002 የኤልበ ወንዝ ሞልቶ ከተሞችን አጥለቀለቀ። ምርጫ ሊደርስ የቀረው አንድ ወር ገደማ ነው። መራሔ መንግሥት ጌርሃርድ ሽሮደር የጎማ ቦት ጫማ አጥልቀው ግሪማ ከተማ ጭቃ ውስጥ ተገኙ። ሊደረግ የታሰበ የታክስ ቅነሳ ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ገንዘቡ ለጎርፉ ተጎጂዎች ዋለ፤ እርዳታውም በፍጥነት ደረሰ። ጎርፉ በመታቸው አካባቢዎች የሽሮደር ፓርቲ 7 የመቶኛ ነጥብ ያህል ተጨማሪ ድምፅ እንዳገኘ በኋላ የተሠራ ጥናት ያሳያል። በአገር አቀፍ ደረጃ ሁለቱ ትልልቅ ወገኖች የተለያዩት በ6,000 ድምፅ ገደማ ስለነበር ይህ ቀልድ አይደለም። ከሦስት ዓመት በኋላ በተካሄደው ምርጫ ግን ከዚያ ትርፍ የቀረው ሩብ ያህሉ ነው። በ2009 ጭራሽ ጠፋ።

ሜክሲኮ ላይ ተመራማሪዎች ራሳቸው አልተስማሙም። በ1997 የተጀመረው ፕሮግሬሳ የተባለ ድጋፍ መጀመሪያ የደረሳቸው መንደሮች በዕጣ የተለዩ ስለነበሩ ለማነጻጸር ተመቹ። አንድ ጥናት በ2000ው ምርጫ የመራጩም ቁጥር የገዢው ፓርቲ ድምፅም ጨምሯል አለ። ሌሎች ያንኑ መረጃ እንደገና ፈትሸው በ2020 ባሳተሙት ጽሑፍ ምንም ውጤት አላገኘንም አሉ። ገዢው ፓርቲ ለማንኛውም ያን ምርጫ ተሸንፎ ከ71 ዓመት ሥልጣኑ ወርዷል።

ውለታው ለምን አይቆይም? አንዱ ምክንያት ብዙ ሰው የተሰጠውን ነገር ከሰጪው ጋር አለማያያዙ ነው። በ2009 የኦባማ መንግሥት ለአብዛኛው አሜሪካዊ ሠራተኛ ታክስ ቀነሰ። ኢኮኖሚስቶቹ ገንዘቡ በአንድ ቼክ ቢሰጥ ሰው ይቆጥበዋል፣ በየደሞዙ ጥቂት በጥቂት ቢገባ ግን ያወጣዋል ብለው መከሩ። ስለዚህ በየክፍያው ጥቂት ዶላር እየሆነ ገባ። በኢኮኖሚ ዓይን ብልህ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። በምርጫ ዓይን ግን ውሃ በላው። በ2010 በተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት መንግሥት ታክስ እንደቀነሰለት ያወቀው ከአሥር ሰው አንድ አይሞላም።

በ2020 የኮሮና ድጋፍ ሲታደል ዶናልድ ትራምፕ ይህን ስህተት አልደገሙም። ስማቸው ቼኩ ላይ ታተመ። ተሸነፉ እንጂ። ጆ ባይደን በቀጣዩ ዓመት 1,400 ዶላር ሲሰጡ ስማቸውን አላተሙም። በዲሴምበር 2024፣ ሥልጣን ሊለቁ ሲሉ፣ ያን አለማድረጋቸውን ጅልነት ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እኔ ግን ስማቸውን ቢያትሙ ምን ያህል ይለውጥ እንደነበር ይገርመኛል። ያተመው ሰውዬ ተሸንፏል እኮ!

ዝርዝሩን የያዘው ጎረቤት

እስካሁን ያወራሁት በመስፈርት ስለሚሰጥ ድጋፍ ነው። መስፈርቱን ካሟላህ ይደርስሃል። ማንን መረጥክ ብሎ የሚጠይቅህ የለም። ድጋፍ ከድምፅ ጋር በደንብ የሚታሰረው ግን እዚህ አይደለም።

ሌላው ዓይነት እንዲህ ነው። ስምህን ዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባው አንድ የታወቀ ሰው ነው። ሰፈርህ ይኖራል። ልጅህ ሥራ እንዳጣ፣ ሚስትህ እንደታመመች፣ ጣሪያህ እንደሚያፈስ ያውቃል። መድኃኒት ሲጠፋ የሚያፈላልግልህ፣ ሐኪም ቤት ለመድረስ መኪና የሚለምንልህ እሱ ነው። ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ደግ ነው። ምርጫ ሲደርስ ግን እንደ ደላላ ይሠራል። የሚያመጣው ድምፅ ነው፣ የሚያገኘው ደግሞ የሚያድለውን ነገር። ያስፈራራህ ዘንድ አፉን መክፈት አያስፈልገውም። ደብተሩን ይዞ በደጅህ ማለፉ ይበቃል።

የምርጫ ካርድህን ማየት አይችልም፤ ድምፅ ምስጢር ነው። ግን ሄደህ መምረጥህን ያያል። ማን በማን ሰልፍ ላይ እንደወጣ ያውቃል። «ሳያውቅ አይቀርም» የሚለው ጥርጣሬ ደግሞ ሙሉውን ሥራ ይሠራለታል። እዚህ ጋ ያለው ምስጋና ሳይሆን ፍርሃት ነው። መስፈርቱን አሟልቶ የሚቀበል ሰው ነገ ሌላ ቢመረጥ ድጋፉ እንደሚቀጥል ያምናል። በደላላው በኩል የሚቀበል ሰው ግን ደላላው ከወደቀ ዝርዝሩም አብሮት እንደሚወድቅ ያስባል።

ይህን በጣም ግልጽ አድርጎ ያሳየኝ የውሃ ታሪክ ነው። የብራዚል ሰሜን ምሥራቅ ደረቅ ነው። ድርቅ ሲብስ ውሃ በቦቴ ይመጣል። ቦቴው ወደ ማን መንደር ቀድሞ ይሂድ የሚለውን ነገር ፖለቲከኞች ሲነግዱበት ኖረዋል። ከዚያ ለየቤቱ የዝናብ ውሃ ማጠራቀሚያ መሥራት ተጀመረ። ከጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ቦይ ተቀብሎ ወደ ጋን ያወርደዋል። አንዱ 16,000 ሊትር ይይዛል፤ ለአንድ ቤተሰብ በደረቁ ወራት ለመጠጥና ለማብሰያ የሚበቃ ነው። ተመራማሪዎች ከ2012ቱ የከንቲባ ምርጫ በፊት ማጠራቀሚያው ቀድሞ የሚሠራላቸውን ቤተሰቦች በዕጣ ለዩና ውጤቱን ተከታተሉ።

ሁለት ነገር አገኙ። ማጠራቀሚያ ያላቸው ሰዎች ፖለቲከኛ ደጅ መጥናት ቀነሱ። በሥልጣን ላይ ላሉት ከንቲባዎች የሚሰጡት ድምፅም ቀነሰ። ልብ በሉ፤ ጨመረ አይደለም፣ ቀነሰ። «ድሃ ለሆዱ ይመርጣል» ለሚል ሰው ይህ ግራ ያጋባዋል። ጥቅም አግኝተው ሥልጣን ላይ ያለውን ራቁት። የራቁት ስለማይፈሩት ነው። ውሃው ግቢያቸው ውስጥ ነዋ።

ለዚህ ነው ቋሚና ሕግ የተበጀለት ድጋፍን «ድምፅ መግዣ» ብሎ በአንድ ቅርጫት መክተት የማይዋጥልኝ። አንዳንዱ ድጋፍ ድምፅ ያስራል። አንዳንዱ ደግሞ የታሰረውን ይፈታል።

ሜክሲኮ ሁለቱንም አይታለች። በፕሬዚዳንት ካርሎስ ሳሊናስ ዘመን፣ ከ1989 ጀምሮ፣ ሶሊዳሪዳድ የሚባል ትልቅ የድህነት ቅነሳ ወጪ ነበር። ገንዘቡ ወደ የትኛው አካባቢ ይሂድ የሚለው በድህነት ብቻ ሳይሆን በፖለቲካ ስሌትም ይወሰን እንደነበር በኋላ የተሠሩ ጥናቶች አሳይተዋል። በ1997 ፕሮግሬሳ ሲመጣ ተጠቃሚው በቆጠራና በቀመር ተለየ። ገንዘቡ በቀጥታ በእናትየዋ እጅ ይገባል። የአካባቢው ሹም መሀል አልገባም። በ2004 በወጣው ሕግ ደግሞ የማኅበራዊ ድጋፍ ወረቀቶች ሁሉ ድጋፉ የሕዝብ እንደሆነና ከየትኛውም ፓርቲ ጋር ግንኙነት እንደሌለው የሚናገር ማሳሰቢያ እንዲይዙ ተደነገገ። ከኒክሰን ብጣሽ ተቃራኒ ናት ማለት ነው። ማሳሰቢያዋ ብቻዋን ደላላን አታቆምም። ለሴትየዋ ግን የምትይዘው ማስረጃ ትሆናታለች።

የድምፁ ምስጢርነት ራሱም ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። በቺሊ እስከ 1958 ድረስ ፓርቲዎች የየራሳቸውን የድምፅ መስጫ ወረቀት ያትሙ ነበር። ባለመሬቱ ለጭሰኞቹ ወረቀቱን አስይዞ ይልካቸዋል። በ1958 መንግሥት አንድ ወጥ ወረቀት አትሞ በምስጢር እንዲሞላ ሲያደርግ፣ ባለመሬት በሚገንባቸው አካባቢዎች የቀኝ ፓርቲዎች ድምፅ አሽቆለቆለ። ጭሰኛው በአንድ ጀንበር ሐሳቡን የለወጠ አይመስለኝም። ድሮም የነበረውን ሐሳብ ነው ያወጣው።

አሜሪካም ቢሆን ከዚህ አታመልጥም። በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ መንግሥት ሚሊዮኖችን በሕዝብ ሥራ ቀጥሮ ነበር። በ1938ቱ ምርጫ ኃላፊዎች ሠራተኛውን እገሌን ምረጡ እያሉ አስጨንቀዋል የሚል ክስ ተነሳ፤ በኬንታኪ ግዛት በተለይ። በማግስቱ ዓመት ሃች የሚባለው ሕግ ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ በምርጫ ዘመቻ እንዳይሳተፍ፣ በእርዳታ ገንዘብም ሰው እንዳያስገድድ ከለከለ።

ተቀባዩ ቤቱ ሲቀር

አንድ ሁልጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ድጋፍ የሚቀበለው ሰው ላይመርጥ ይችላል።

ኬንታኪን እንደገና ላንሳት። ከ2014 ጀምሮ የድሆች የጤና መድን ሰፍቶ፣ መድን የሌለው ሰው ቁጥር ከአምስት አንዱ ገደማ ከነበረበት ከአሥር አንዱ ወደሚሆን ደረጃ ወረደ። በአገሪቱ ካሉት ሁሉ ፈጣን ከሚባሉት ለውጦች አንዱ ነው። በ2015 ግን መድኑን እቀለብሳለሁ ብለው የተነሱት ማት ቤቪን ገዥ ሆነው ተመረጡ። ወዲያው ጋዜጦች «ድሆች የራሳቸውን ጥቅም ተቃወሙ» ማለት ጀመሩ። ችግሩ፣ ለምርጫው የወጣው ከተመዘገበው ሕዝብ 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ድሃ ሰው ደግሞ በአብዛኛው አገር ከሚወጣው ይልቅ የማይወጣው ይበዛል። የወጣው ጎረቤቱ ነው። ራሱን ችሎ የሚኖር፣ ለድጋፉ ትንሽ የበዛ ገቢ ያለው፣ ጠዋት ለሥራ ሲወጣ መድን የተሰጠውን ሰው እያየ የሚያልፍ። የዚህ ሰው ቅሬታም የኢኮኖሚ ስሌት ነው። መስመሩ ከእሱ በታች ተሰምሯል። በነገራችን ላይ ቤቪን ከአራት ዓመት በኋላ በጠባብ ልዩነት ተሸነፉ።

የተሻለ ኑሮ ያለው ሰውስ? ስለሱ ማንም «ለሆዱ መረጠ» አይልም። በአሜሪካ ቤት በብድር የገዛ ሰው ከሚከፍለው ወለድ ላይ የታክስ ቅናሽ ያገኛል። በ2008 በተደረገ ጥናት ይህን ቅናሽ ከሚጠቀሙት 60 በመቶው የመንግሥት ማኅበራዊ ድጋፍ ተጠቅሜ አላውቅም ብለዋል። ጡረታ ከሚቀበሉት እንኳ 44 በመቶው እንደዚያው። የራስን ድጎማ አለማየት ደስ የሚል በሽታ ነው።

ጡረተኛን ግን ፖለቲከኛ አይረሳውም። ጡረተኛ ይመርጣል። በብሪታንያ አዲሱ የሌበር መንግሥት በጁላይ 2024 ለጡረተኞች የሚሰጠውን የክረምት ማሞቂያ ድጋፍ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ወደ 10 ሚሊዮን ሰው በዓመት 200 ወይም 300 ፓውንድ ቀረበት። ከብሪታንያ በጀት አንጻር ገንዘቡ ትንሽ ነው። ፖለቲካው ግን ጎርፍ ሆነ። በሜይ 2025 የአካባቢ ምርጫ ፓርቲው ክፉኛ ተመታ፤ በር ለበር የዞሩት ዕጩዎችም በየደጁ ስለዚሁ ድጋፍ ሲወቀሱ እንደከረሙ ተናገሩ። በጁን ውሳኔው ታጠፈ፣ ለአብዛኛው ጡረተኛ ተመለሰ። የተሰጠ ነገር ቶሎ ይረሳል ብያለሁ። የተነጠቀ ግን አይረሳም።

እስካሁን ለመራጩ ጥብቅና ቆሜያለሁ። አንድ ቦታ ላይ ግን ልተቸው። በአሜሪካ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ መራጩ አደጋ ከደረሰ በኋላ እርዳታ ለሚያፈስ መንግሥት ድምፁን ይሰጣል። አደጋውን አስቀድሞ ለመከላከል ለሚያወጣ ግን ምንም አይሰጥም። ለመከላከል የሚወጣ 1 ዶላር ወደፊት 15 ዶላር የሚያህል ጉዳት እንደሚያስቀር እዚያው ጥናት ውስጥ ተሰልቷል። ጎርፍ መከላከያ ግድብ የሠራ ሰው ያልመጣውን ጎርፍ ማሳየት አይችልም። ቦት ጫማ አጥልቆ ጭቃ ውስጥ የቆመ ግን ይታያል። ፖለቲከኛው ይህን ስለሚያውቅ ገንዘቡን የሚያከማቸው ለጭቃው ቀን ነው።

ክፍያው ራሱ የሚያመጣው ሌላ ጣጣም አለ። የብራዚሉ 600 ሪያል ለአንድ ቤተሰብ የሚሰጥ ነበር፤ አንድ ሰው ይኑር ስድስት ሳይለይ። ሰው ሞኝ አይደለም። ባል ለብቻው፣ ሚስት ከልጆቿ ጋር እየሆኑ መመዝገብ ጀመሩ። በዓመቱ መጨረሻ በመዝገቡ ላይ «ብቸኛ ነዋሪ» የሆነው ቤተሰብ ቁጥር ተመንድጎ ተገኘ። ቀጣዩ መንግሥት 2023ን የጀመረው መዝገቡን በማጥራት ነው። ለምርጫ ተብሎ በጥድፊያ የተበጀ ድጋፍ ከምርጫው በኋላ የሚያስከትለው ወጪ እንዲህ ያለ ነው፤ እውነተኛ ብቸኛ ሰዎችም በማጥራቱ ውስጥ ተጠርገው የመውጣት ስጋት አለባቸው።

ድጋፍ ከፓርቲ እጅ ወጥቶ የአገር ሲሆን ምን እንደሚመስል ለማየት ደግሞ ፖላንድ ትመቻለች። «ሕግና ፍትሕ» የተባለው ፓርቲ በ2015 ለልጅ 500 ዝሎቲ በየወሩ እሰጣለሁ ብሎ አሸነፈ። በኤፕሪል 2016 መክፈል ጀመረ፤ መጀመሪያ ከሁለተኛው ልጅ ጀምሮ (ለመጀመሪያው ልጅ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ብቻ)፣ በ2019 የገቢ መስፈርቱን አንስቶ ለሁሉም ልጅ። በዚያ ዓመት 43.6 በመቶ ድምፅ አግኝቶ ቀጠለ። ተቃዋሚዎቹ በመጀመሪያ ድጎማውን ነቅፈውት ነበር፤ በኋላ ግን ማንም እነካዋለሁ የሚል ጠፋ። ገዢው ፓርቲ ለ2023ቱ ምርጫ ክፍያውን ከቀጣዩ ጃንዋሪ ጀምሮ ወደ 800 አሳድጋለሁ ሲል፣ የተቃዋሚው መሪ ዶናልድ ቱስክ እስከ ጃንዋሪ ምን ያስጠብቃል፣ አሁኑኑ ይሁን ብለው ቀደሙት። ማመልከቻው በኢንተርኔት ነው የሚገባው፣ ክፍያው በባንክ ነው የሚመጣው፣ ስም የሚያስገባም የሚሰርዝም ጎረቤት የለም። በኦክቶበር 2023 ከመራጩ 74 በመቶው ወጣ፤ ገዢው ፓርቲ 35.4 በመቶ አግኝቶ አንደኛ ቢሆንም መንግሥት መመሥረት አልቻለም። ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 800 ዝሎቲውን የሚከፍለው የቱስክ መንግሥት ሆነ።